ቁጢጥ የሚሉ ሕፃናት

ዳዴ ማለት ትቶ በእግሩ መሄድ የጀመረ ሕፃን ጥቂት እርምጃ እንደ ሮጠ ድንገት ቁጢጥ ብሎ ጉልበቱን ከደረቱ ቢያጣብቅ፣ ላየው ሰው ጨዋታ ይመስላል፤ ወይም ስንፍና። ሲያለቅስ ከንፈሩና ጥፍሩ እንደሚጠቁር ልብ የምትለው እናቱ ናት። ሕፃኑ ግን ማንም ሳያስተምረው ለራሱ መድኃኒት አግኝቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ፋሎ እ.ኤ.አ. በ1888 በማርሴይ ባሳተመው ጥናት፣ በአንድ ልብ ውስጥ አብረው የሚወለዱ አራት ጉድለቶችን ገለጸ። ዋነኞቹ ወደ ሳንባ የሚወስደው መንገድ መጥበብና በልብ ክፍሎች መካከል ያለው ግድግዳ መቀደድ ናቸው። ደሙ ጠባቡን መንገድ ሸሽቶ፣ በሳንባ ሳይጠራ፣ በቀዳዳው አልፎ ወደ ሰውነት ይሄዳል። ቁጢጥ ሲባል ግን የእግር የደም ቧንቧዎች ይታጠፋሉ፤ ወደ ሰውነት መሄዱ ስለሚከብደው ደሙ ወደ ሳንባ ይገፋል። ሐኪሞች ዛሬም ልጁ ድንገት ሲጠቁር ጉልበቱን ከደረቱ እንዲያጣብቁለት ወላጆችን ያስተምራሉ። ትምህርቱን መጀመሪያ የሰጡት እንግዲህ ሕፃናቱ ናቸው።

በባልቲሞር ከተማ እነዚህን ሕፃናት ስታክም የኖረችው ሄለን ታውሲግ ጆሮዋ በሚገባ ስለማይሰማ ልባቸውን በመዳፏ ትዳስስ ነበር። ወደ ሳንባ ተጨማሪ ደም የሚወስድ መንገድ ቢከፈትላቸው ይድናሉ ብላ አሰበች። እ.ኤ.አ. ኅዳር 29 ቀን 1944 ብሌሎክ የተባለው ቀዳጅ ሐኪም ለአንዲት የ15 ወር ሕፃን ይህንኑ አደረገ። ከጀርባው በርጩማ ላይ ቆሞ የመራው ቪቪየን ቶማስ፣ ዲግሪ የሌለው ጥቁር አሜሪካዊ ነበር፤ ስፌቱን አስቀድሞ በውሾች ላይ የተለማመደው እርሱ ነውና። ሕፃኗ ለጥቂት ወራት ብቻ ኖረች። ከእርሷ በኋላ የመጡት ግን ብዙዎች ዳኑ።

ወደ እኛ አገር እንመለስ። ዶክተር በላይ አበጋዝ የልብ ሕሙማን ሕፃናትን መርጃ ማኅበር የመሠረቱት እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ያኔ የነበረው ተስፋ ልጆቹን ወደ ውጭ አገር መላክ ነበር። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከሉ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2009፣ ከባልቲሞሩ ቀን 65 ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው። ለዓመታትም ቀዶ ሕክምናው የሚጠብቀው ከባሕር ማዶ የሚመጡ ቡድኖችን ነበር፤ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች በራሳቸው ቡድን መሥራት የጀመሩት እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ነው።

በንጉሡ ዘመን አምቦ ሀገረ ሕይወት ትባል ነበር። ሕመምተኛው ፍል ውኃዋን ብሎ ከየአገሩ ይመጣባት ነበር። የልብ ሕመምተኛ ልጅ ያላት የአምቦ እናት ግን በተቃራኒው፣ በጊንጪና በሆለታ አድርጋ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ትጓዛለች፤ ስሙን አስመዝግባም ትመለሳለች። የታሪክ መጻሕፍት ስለ ቢላዋውና ስለ ስፌቱ ይተርካሉ። በምዝገባውና በቀዶ ሕክምናው መካከል ያለውን ጊዜ የጻፈ ግን እምብዛም ነው።

በዚያ ጊዜ ተቅማጥ ያስፈራል፤ የጠቆረ ሕፃን ደሙ ወፍራም ነውና ውኃ ሲያጥረው ይረጋል። ትኩሳትም፣ የታመመ ጥርስም እንዲሁ። ከሁሉ የሚከብደው ለቅሶ ነው። የሁለት ዓመት ልጅ ሳያለቅስ እንዲውል ማድረግ የሚቻለው ማን ነው? እናቲቱ የጠየቃትን ሁሉ ትሰጠዋለች፤ ጎረቤትም «አሞላቀቀችው» ይላታል። እርሷ ግን እስትንፋሱን ትቆጥራለች፣ ሌሊት በብርሃን ከንፈሩን ታያለች፣ ስልክ በጮኸ ቁጥር ከአዲስ አበባ ይሆን ብላ ትነሣለች። በመዝገቡ ላይ የሰፈሩት ሕፃናት በሺዎች ይቆጠራሉ። ተራው ደርሶ ሲጠራም «አቤት» የሚልለት የማይገኝ ስም አለ።