ዘግይቶ የሚገለጥ ደዌና የባቡር ሠራተኞች ሙግት

በመካነ ሰላም ደጋ የባቡር ፉጨት አይሰማም፤ የቦረና ልጅ ግን እንጀራ ፍለጋ ሩቅ ይሄዳልና ይህን ታሪክ ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

እግሩ የተሰበረ ሰው ቀኑን ያውቃል፤ ከትቢያና ከጢስ የሚመጣ ደዌ ግን ዘግይቶ ይገለጣል። በአሜሪካ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1908 በባለ ባቡሩ ቸልታ ለተጎዳ ሠራተኛ የካሣ ሕግ ወጣ። ዩሪ የተባለ እሳት አንዳጅ ለሐዲድ ከሚረጨው አሸዋ 30 ዓመት ያህል ትቢያ ሲስብ ኖሮ ሳንባው ታመመ፤ ኩባንያውም ጊዜው አልፎበታል ሲል ተሟገተ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ1949፥ ደዌም ጉዳት ነው፤ ዘመኑም የሚቈጠረው ደዌው ከታየ ጀምሮ ነው ብሎ ፈረደ። በ2003ም በአስቤስቶስ ሳንባቸው ለታመመ ሠራተኞች፥ ካንሰርን በእውነት መፍራታቸውን ካስረዱ፥ ስለ ፍርሃቱ ጭምር ካሣ ፈቀደ።

በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 ከሥራ የሚመጣን በሽታ እንደ ጉዳት ይቈጥረዋል። እንግዲህ ሠራተኛ የሥራውን ዘመንና የሐኪሙን ወረቀት ይጠብቅ፤ ደዌው ዘግይቶ ሲመጣ ምስክሩ እርሱ ነውና።