ጭቃ የተበጀለት ሌባ

በቤዝቦል ሜዳ ሌብነት ሕጋዊ ነው። ተራርቀው የተቀመጡ፣ ቤዝ የሚባሉ ማረፊያዎች አሉ። አንዱን የያዘ ተጫዋች የተቃራኒው ቡድን ኳስ ወርዋሪ እጁን ሲያነሳ ጠብቆ ወደሚቀጥለው ይፈተለካል። በኳሷ ሳይነኩት ከደረሰ ቤዙን «ሰረቀ» ተብሎ ይመዘገብለታል፤ ከቀደሙት ይወጣል።

በ1962 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው) የሎስ አንጀለስ ዶጀርሱ ሞሪ ዊልስ 104 ጊዜ ሰረቀ። በዚያው ሊግ ሁለተኛ የወጣው የቡድን ጓደኛው ዊሊ ዴቪስ 32 ላይ ቆመ። የሌላኛው ሊግ መሪ ሉዊስ አፓሪሲዮ 31። እንዲያውም ከዶጀርስ ሌላ አንድም ክለብ፣ ተጫዋቾቹ ሁሉ ተደምረው፣ 104 አልሞላም! ዊልስ የተያዘው 13 ጊዜ ብቻ ነው።

ይህ ሰው ዛሬ የእኛ ሰው በብዛት በሚኖርባት ዋሽንግተን የተወለደ፣ ቀጠን ያለ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። በታችኞቹ ሊጎች ስምንት ዓመት ገደማ ተንከራቷል። ጊዜው ኳስን ከአጥር ውጭ የሚያሻግሩ ጉልበተኞች የነገሡበት ስለነበር እግሩን የሚፈልገው አልነበረም።

ሲፈለግ ግን እንዴት እንደተፈለገ ተመልከቱ። ነሐሴ ላይ ዶጀርስ ለተቀናቃኙ ጃያንትስ እንግዳ ሆኖ ሳን ፍራንሲስኮ ሄደ። የሜዳው ኃላፊ ማቲ ሽዋብ በአንደኛው ቤዝ ዙሪያ ያለውን አፈር አላልቶ፣ ዊልስ የሚነሳበትን ቦታ በውኃ አጨቀየው። ጃያንትስ ሦስቱንም ጨዋታ አሸነፈ። በዓመቱ መጨረሻ ሁለቱ ክለቦች እኩል ሆነው ዋንጫው በተጨማሪ ጨዋታ ነው የተለየው፤ የወሰደውም ጃያንትስ ነው። ያ ጭቃ ስንት ነጥብ ያወጣል? እኔ ብዙ እላለሁ።

የባሰው ግን ከቢሮ የመጣው ነው። ክብረ ወሰኑ ከ1915 ጀምሮ በ96 የታይ ኮብ ነበር። ሊጉ በ1962 ከ154 ወደ 162 ጨዋታ በማደጉ ኮሚሽነር ፎርድ ፍሪክ «በ154 ጨዋታ ካልሆነ አይቆጠርም» የሚል ውሳኔ አሳለፉ። ኮብ ራሱ 96ቱን የሰበሰበው በ156 ጨዋታ ነው እኮ! ሁለት ጨዋታ በእኩል ውጤት አልቆ ተደግሞለታል። ዊልስ ከ154 ጨዋታ በኋላ 95 ላይ ነበር። ሴፕቴምበር 23፣ ሴንት ሉዊስ ላይ፣ በ156ኛው ጨዋታ 97 ደረሰ። ማለትም በኮብ ልክ ተጫውቶ ኮብን በለጠ። (ኮብ በዚያ ዓመት 38 ጊዜ ተይዟል፤ ይህን የሚያነሳ ብዙም የለም።) ፍሪክ ከዓመት በፊትም ሮጀር ማሪስ የቤብ ሩትን ክብረ ወሰን ሲያሳድድ ተመሳሳይ አጥር አጥረውበታል። ጋዜጠኛ ሳሉ በሩት ስም ጽሑፍ ያዘጋጁ የነበሩ ሰው መሆናቸውን ልብ በሉ።

የሊጉን የዓመቱ ምርጥ የመረጡት ጋዜጠኞች የኮሚሽነሩን ሒሳብ አልተከተሉም። 209 ነጥብ ለዊልስ፣ 202 ለታላቁ ዊሊ ሜይስ ሰጡ። ከዚያ ወዲያ በሩ ተከፈተ፦ ሉ ብሮክ በ1974 118፣ ሪኪ ሄንደርሰን በ1982 130።

በ2023 ደግሞ ሊጉ ራሱ ቤዞቹን አሰፋ፤ ኳስ ወርዋሪዎች ሯጩን ለመያዝ የሚያደርጉትን ሙከራም ገደበ። ስርቆት እንዲበዛ ፈልጎ ነው፤ በዝቷልም። ሆኖም በ1987 ቪንስ ኮልማን 109 ከሰረቀ ወዲህ 100 የደረሰ የለም።