በሲር ባኒ ያስ ደሴት ስላለው የጥንት ገዳም

በአቡ ዳቢ ዳርቻ ከሙሐመድ ቢን ዛይድ ሲቲ ተነሥቶ የጥንት ቦታ ለመጐብኘት ለሚወድ ሰው ሁለት መንገድ አለው። ወደ ምሥራቅ ቢያቀና አል ዓይን ይደርሳል፤ በዚያም ከ5,000 ዓመት ግድም በፊት በድንጋይ የተካቡት የጀበል ሐፊት መቃብሮች አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ዓ.ም. ደግሞ 1,000 ዓመት የሚገመት የጭቃ ጡብ መስጊድ ፍርስራሽ በዚያው ከተማ ተገኝቷል። እኛ ግን ስለ ምዕራቡ መንገድ እንናገራለን፤ ይኸውም ከጀበል ዳና በጀልባ ወደ ሲር ባኒ ያስ ደሴት የሚያሻግረው ነው።

በዚህች ደሴት እ.ኤ.አ. በ1992 ዓ.ም. የገዳምና የቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ተገኘ። ቤተ ክርስቲያኑ ወደ ምሥራቅ የዞረ ነው፤ በልስኑም ላይ መስቀልና የወይን ሐረግ ተቀርጾ ነበር። መነኮሳቱ በፋርስ የነበረችው የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ልጆች ነበሩ። እርስዋ በ431 ዓ.ም. የተደረገውን የኤፌሶን ጉባኤ ባለመቀበልዋ ከእኛ የተለየች መሆንዋን አንባቢ ያውቃል፤ ይሁን እንጂ በዚያ ሐሩር፥ በባሕር መካከል የጸለየን መነኩሴ ድካም ማቃለል አይገባም።

ተሳላሚዎች ይህን የመሰለ ፍርስራሽ ባዩ ጊዜ «በሰይፍ የጠፋ ነው» ለማለት ይቸኩላሉ። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ሊቃውንቱም ራሳቸው አስቀድመው ገዳሙ በ600 ዓ.ም. ግድም፥ ከእስልምና በፊት እንደ ታነጸ ገምተው ነበር፤ በኋላ የሸክላው ስብርባሪ እንደ ገና ሲመረመር ግን የገዳሙ ዘመን የ7ኛው ምእት ዓመት መጨረሻና የ8ኛው መጀመሪያ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ መነኮሳቱ ቅዳሴአቸውን ያደርሱ የነበረው አገሩ በእስላም መንግሥት ሥር ከዋለ በኋላ ነው። በዚያው ባሕረ ሰላጤ በዳሪን፥ በ676 ዓ.ም. ፓትርያርካቸው ቀዳማዊ ጊዮርጊስ ጉባኤ መሰብሰቡም ከዚህ ጋራ ይስማማል። በፍርስራሹም የቃጠሎ ምልክት አልታየም፤ ቤቱን ትተው ሄዱ እንጂ አልተባረሩበትም።

በእኛ አገር የየሐ ጥንታዊ መቅደስ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ስለ ሆነ ግንቡ ቆሞ ቀርቷል፤ የደሴቲቱን ገዳም ግን ወራሽ አላገኘውምና አሸዋ ሸፈነው።

ከቤተ ክርስቲያኑ ራቅ ብለው ግቢ ያላቸው ትንንሽ ቤቶች አሉ። አረጋውያን መነኮሳት ለብቻቸው የሚጸልዩባቸው፥ በእኛ አነጋገር በዓቶች፥ ሳይሆኑ አይቀሩም። እ.ኤ.አ. በ2025 ዓ.ም. ከእነዚህ በአንዱ ከስንዝር ጥቂት የሚበልጥ በልስን የተሠራ መስቀል ተገኘ፤ ከሥሩ ጎልጎታን የሚያስታውስ ደረጃ አለው፤ ከእግሩም ቅጠል ይበቅላል።