ክፉ ቀንና የሰው ጠባይ

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በአገራችን የደረሰውን ታላቅ ችጋር ሕዝቡ «ክፉ ቀን» ብሎ ሰየመው። ክፉ መባል ለሰው ጠባይ የሚሰጥ ነቀፌታ ነው፤ ለዘመን መሰጠቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። ቀን ሲከፋ ሰውም አብሮ ሲከፋ ያዩ ሰዎች ያወጡት ስም ነውና።

ኢጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች የተነሣው ወረርሽኝ፣ ይኸውም ስሙና ግብሩ ከቶ ያልተገናኘው «ደስታ» የሚባለው በሽታ፣ ከአገሪቱ የቀንድ ከብት እስከ 90 በመቶ እንደ ፈጀ ይገመታል። በ1880 ደግሞ ክረምቱ ጎደለ፤ የዛሬ ተመራማሪዎች ጉድለቱን ኤልኒኞ ከሚባለው የሰላማዊ ውቅያኖስ መሞቅ ጋር ያያይዙታል። አንበጣና ተምች ተከተሉ። በሬ ያለቀበት ገበሬ ዝናብ ቢመለስለት እንኳ የሚያርስበት አልነበረውም።

የሆዱ ጉዳት ወደ አእምሮ ለመዝለቅ አልዘገየም። በሥጋ ሥርዓቱ ጥብቅ የነበረው ሕዝብ የፈረስና የአህያ ሥጋ በላ። ልጁን በባርነት የሸጠ ወላጅ፣ በገዛ እጁ የሞተ አባወራ፣ ከዚያም አልፎ የሰው ሥጋ የቀመሰ እንደ ነበረ በዘመኑ የነበሩ ሰዎች ጽፈዋል። ይህን እንደ ጉድ ወሬ አንብቦ ማለፍ ይቀላል፤ ነውርና ይሉኝታ ሲፈርሱ ግን ሰው ከጎረቤቱ ብቻ ሳይሆን ከራሱም ይለያል።

በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት፣ የወሩ ሙቀት በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር ራስን የማጥፋት አደጋ በአሜሪካ 0.7፣ በሜክሲኮ 2.1 በመቶ ከፍ እንዳለ አሳይቷል። አየር በሰው መንፈስ ላይ ያለው ጫና እንግዲህ አይካድም። የክፉ ቀንን ዝርፊያ ግን በሰማዩ ብቻ ማስረዳት አይቻልም። ደመወዝ የሌለው ወታደር በየገበሬው ቤት ይቀለብ ስለ ነበር፣ ጎተራው ሲጎድል በጉልበት ወሰደ፤ ገበሬውም ሸፈተ ወይም ተሰደደ፤ ጦም ያደረው ማሳ የከርሞውን ረኃብ ወለደ።

ዐፄ ምኒልክ ዶማ ይዘው በገዛ እጃቸው መቆፈራቸው ሲወደስ ኖሯል፤ ምሳሌነቱም መልካም ነው። ሚዛን የሚደፋው ግን በ1884 ዓ.ም. ግድም የተደነገገው አሥራት ይመስላል። ገበሬው ከምርቱ ከአሥር አንዱን እንዲሰጥ፣ ወታደሩም ከዚያ እየተሰፈረለት የገበሬውን ቤት እንዲለቅ ታሰበ። ድንጋጌው በየቦታው እኩል አልተፈጸመም፤ ወታደሩ ከገበሬው ምድጃ ሳይነሣ የቀረበት አገር ብዙ ነበር።