ብራና ፋቂውና ልኬት

የቴሌስኮፕ መስተዋት ልስላሴ ዛሬ በማይክሮስኮፕ፣ በናኖሜትር ይለካል። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በጣና ሐይቅ በደቅ ደሴት ጥግ የናርጋ ሥላሴን ቤተ ክርስቲያን ሲያሠሩ ግን ብራናን የማለስለስ ሙያ በሀገሩ ጥንታዊ ነበር፤ የፍየል ቆዳ ይወጠራል፣ ሥጋውና ጠጉሩ ይፋቃል፣ ከዚያም በድንጋይ ይታሻል። «መሣሪያ ከሌለ ልኬት የለም» የሚል አይጠፋም። ሆኖም ሙያው ሁለት ወሰን ነበረው፦ የሻከረ ብራና ብርዕ ያደናቅፋል፣ ከልክ በላይ የለሰለሰው ደግሞ ቀለም አይይዝም። ቁጥር ስላልነበረው ዕውቀቱ በሰንጠረዥ ሳይሆን ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ብቻ መተላለፉ እርግጥ ጉድለት ነው። ግን ማይክሮስኮፕም ቢሆን በብራናው ገጽ ላይ የቀሩትን የጠጉር ቀዳዳዎች አሰላለፍ አጉልቶ፣ ቆዳው የፍየል ይሁን የበግ ለመለየት የሚያግዘው የፋቂው እጅ የተወለትን አይቶ ነው። ብራና ፋቂ ከለኪዎች ተርታ ሊቆጠር ይገባዋል።