ያለ መነጽር የሚታየው ጥልቀት፤ ቁም ነገር ነበርን ወይስ ማማለያ?

የታሪክ ትምህርት የነገሥታትና የጦርነት ወሬ ብቻ ነው ብለው የሚያስቡ ጓደኞች አሉን። እኛ ግን ሰው በእጁ የሠራው ዕቃ ሁሉ፥ መጫወቻም ቢሆን፥ የራሱ ታሪክ አለው ብለን እናምናለን። ስለዚህ በዚህ የበዓል መጽሔት ላይ የመረጥነው ርእስ ላንዳንድ ወላጆች ቀልድ ቢመስልም፥ ንባቡን እስኪፈጽሙ ድረስ እንዲታገሡን በትሕትና እንለምናለን። ጥያቄያችን ይህ ነው፤ ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ2011 ዓ.ም. ለገበያ ያወጣው፥ ስሪ ዲ ኤስ የሚባለው በእጅ የሚያዝ የጌም መሣሪያ፥ ያለ መነጽር ጥልቀት ያለው ሥዕል በማሳየቱ ብዙ ተነግሮለታል። ይህ ችሎታው እውነተኛ ጥቅም ነበረውን፥ ወይስ ገዥን ለመሳብ የተሰቀለ ጌጥ ነበር? ዓመታቱን ሁሉ የጻፍናቸው እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በመጀመሪያ ስለ ዓይን ጥቂት እንበል። ሁለቱ ዓይኖቻችን ስድስት ሴንቲ ሜትር ያህል ተራርቀው የተቀመጡ ስለ ሆኑ፥ አንዱን ነገር በጥቂቱ ለየብቻ ያዩታል። አንጎላችንም ሁለቱን ሥዕሎች አጋጥሞ ይኸኛው ቅርብ ነው፥ ያኛው ሩቅ ነው ብሎ ይፈርዳል። ይህን በ1838 ዓ.ም. ያስረዳው ቻርልስ ዊትስቶን የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ ነው፤ እርሱም ሁለት ሥዕሎችን በመስተዋት አማካይነት ላንዱ ዓይን አንዱን፥ ለሌላው ሌላውን በማሳየት፥ ጠፍጣፋው ወረቀት ጥልቀት ያለው እንዲመስል አደረገ። ከዚያ ወዲህ የቀረው ችግር የግራው ሥዕል ወደ ቀኝ ዓይን፥ የቀኙም ወደ ግራ እንዳይሻገር ማድረግ ነበር። ለዚህም በሲኒማ ቤት መነጽር ይታደላል። የኒንቴንዶ መሐንዲሶች ግን ቀጫጭን ቋሚ ክፍተቶች ያሉትን መጋረጃ ከስክሪኑ ጋር ደረቡ፤ በወርዱ ከተደረደሩትም 800 ነጥቦች 400ውን ለግራ ዓይን፥ 400ውን ለቀኝ መደቡ። ዘዴው አዲስ ግኝት አልነበረም፤ አሜሪካዊው ፍሬደሪክ አይቭስ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በፎቶግራፍ ላይ ሠርቶበታል።

አሁን ወደ ኩባንያው ታሪክ እንመለስ፤ ያለ እርሱ ፍርዳችን መሠረት አይኖረውምና። ኒንቴንዶ በ1889 ዓ.ም. በኪዮቶ ከተማ የመጫወቻ ካርታ በመሥራት ተቋቋመ። በ1965 ዓ.ም. ጉንፔ ዮኮይ የተባለ ወጣት የፋብሪካውን መኪናዎች እንዲጠብቅ ተቀጠረ። ይህ ሰው ሥራ ሲፈታ ለራሱ መዝናኛ የሠራውን፥ እየተዘረጋ ዕቃ የሚይዝ የእጅ መጫወቻ የኩባንያው አለቃ አይተው ኖሮ፥ በመቈጣት ፈንታ ለገበያ እንዲያዘጋጀው አዘዙት። (ሥራ ፈትቶ መገኘት ሁልጊዜ እንዲህ ያለ ዕድል ያመጣል ብለን ግን ለታናናሾቻችን አንመክርም።) የዮኮይ አስተሳሰብ፥ ዋጋው የረከሰውንና ጠባዩ በሚገባ የታወቀውን ነገር ወስዶ ማንም ባላሰበው መንገድ ማዋል ነበር። በ1989 ዓ.ም. የወጣው ጌም ቦይ የዚሁ አስተሳሰብ ፍሬ ነው። ስክሪኑ ቀለም የሌለው፥ አረንጓዴ መሳይና ደብዛዛ ሲሆን፥ አራት የባትሪ ድንጋይ ብቻ ይጐርስ ነበር። ተወዳዳሪዎቹ አታሪ ሊንክስና ሴጋ ጌም ጊር ባለ ቀለም ነበሩ፤ ነገር ግን ስድስት ስድስት ድንጋይ በጥቂት ሰዓት ይጨርሱ ነበር። አሸናፊው ማን ሆነ? ጌም ቦይ ባለ ቀለም ከሆነው ተከታዩ ጋር ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ።

ይኸው ሰው በ1995 ዓ.ም. ቨርችዋል ቦይ የተባለውን መሣሪያ አወጣ። በእግሩ ጠረጴዛ ላይ ቆሞ፥ ተጫዋቹ ፊቱን ቀብሮ በውስጡ ጥልቀት ያለው ሥዕል የሚያይበት ነበር። ሥዕሉ ቀይና ጥቁር ብቻ ነው፤ አጠገብ የተቀመጠ ወንድም ወይም እኅት አንዳች ነገር ማየት አይችልም። ከ800 ሺህ በታች ተሸጦ ከገበያ ወጣ። ዮኮይም በ1996 ዓ.ም. ኩባንያውን ለቀቀ፤ በ1997 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ሞተ። ጥልቀት ያለው ሥዕል ብቻውን መጫወቻ እንደማይሸጥ ኒንቴንዶ በገዛ ገንዘቡ የተማረው እንግዲህ ከስሪ ዲ ኤስ 16 ዓመት አስቀድሞ ነው።

በመካከሉ ደግሞ ተቃራኒ ምስክር አለ። በ2004 ዓ.ም. ዲ ኤስ የተባለው መሣሪያ ሁለት ስክሪን ይዞ ሲወጣ፥ የታችኛውም በዘንግ የሚነካ ሲሆን፥ ይህ ሁሉ ማማለያ ነው ያሉ ጥቂት አልነበሩም። ነገር ግን በ2005 ዓ.ም. በስክሪኑ ላይ ቡችላ እየዳበሱ የሚያሳድጉበት ጌም ወጣ፤ ደግሞም የሒሳብ መልስ በእጅ ጽሕፈት የሚሰጥበት የአእምሮ ማሠልጠኛ ወጣ፤ ጌም ነክተው የማያውቁ ጐልማሶችና ሽማግሌዎችም ገዙት። ዲ ኤስ ከ154 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። መንካቱን ብናስቀርበት ቡችላውን የምንዳብስበት እጅ የለንም፤ ጌሙም አብሮ ይጠፋል። እኛ ቁም ነገርን ከጌጥ የምንለይበት መመዘኛ ይህ ነው፤ ነገሩ ሲወሰድ ምን ይቀራል?

በዚህ መመዘኛ ስሪ ዲ ኤስን እንመርምረው። በየካቲት 2011 ዓ.ም. በጃፓን በ25 ሺህ የን፥ በመጋቢት በአሜሪካ በ249 ዶላር ከ99 ሳንቲም ወጣ። ሽያጩ እንደ ታሰበው አልሆነም። ስድስት ወር ሳይሞላ በነሐሴ በአሜሪካ ወደ 169 ዶላር ከ99 ሳንቲም፥ በጃፓን ወደ 15 ሺህ የን ወረደ፤ የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሳቶሩ ኢዋታም የገዛ ደመወዛቸውን በግማሽ ቀነሱ። አስቀድመው በሙሉ ዋጋ ለገዙት ሃያ የቀድሞ ጌሞች በነጻ ተሰጧቸው። ገንዘቡን ሳንቲም በሳንቲም አጠራቅሞ በመጀመሪያው ሳምንት ለገዛ ልጅ ይህ በቂ ካሣ ነው ለማለት እኛ እንቸገራለን። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሁለት መልካም የማሪዮ ጌሞች ሲወጡ ገበያው ደራ። በመጋቢትና በታኅሣሥ መካከል የተለወጠው ዋጋውና ጌሞቹ ናቸው፤ ጥልቀት ያለው ሥዕል ግን በሁለቱም ወራት ያው ነበር። ገዥዎች የመጡት ስለ እርሱ ቢሆን ኖሮ በመጋቢት በመጡ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የሚመሰክርብን በመሣሪያው ጎን ላይ ያለችው ትንሽ ማንሸራተቻ ናት። በርሷ ጥልቀቱ ይጨመራል፥ ይቀነሳል፥ ጨርሶም ይጠፋል። ማንሸራተቻዋ በቸርነት የተሰጠች አይደለችም፤ አስፈላጊ ነበረች። ኩባንያው ራሱ ከስድስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ጥልቀቱን እንዳያዩ አስጠንቅቋል፤ አንዳንድ ሰዎችም በዓይናቸው ጠባይ ምክንያት ይህን ሥዕል ማየት አይችሉም፤ ሌሎችንም ያደክማቸዋል። እንግዲህ ጌም ደራሲው ያለ ጥልቀት የማይሠራ ጌም ቢጽፍ እነዚህን ሁሉ በር ላይ መመለሱ ነው። ስለዚህ ማንም እንዲህ ያለ ጌም ለመጻፍ አልደፈረም። ሊጠፋ የግድ የሆነ ነገር መሠረት ሊሆን አይችልም፤ ስሪ ዲ ኤስም ከመወለዱ አስቀድሞ በዚህ ታስሮ ነበር። በዚህ ላይ መሣሪያው ሲዘነብል የሚያውቅ ክፍል በውስጡ ስላለ፥ አንዳንድ ጌሞች ተጫዋቹን ግራና ቀኝ እንዲያዞረው ያዙታል፤ ባዞረው ጊዜ ደግሞ ሥዕሉ ሁለት ሆኖ ይደበዝዛል። አንዱ ችሎታው ሌላውን ይጣላ ነበር ማለት ነው።

ቢሆንም ማታለል ነበር ብለን አንፈርድም። የተባለው ሁሉ በእውነት ይታያል፤ ያለ መነጽርም ይታያል። በ2011 ዓ.ም. በወጣው ሱፐር ማሪዮ ስሪ ዲ ላንድ ውስጥ የት ርቀት ላይ እንዳለ የማይታወቅ ድንጋይ ጥልቀቱ ሲበራ ወዲያው ይለያል፤ ዝላይን ለመመጠንም ይረዳል። በ2014 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ ዐይነትም የተጫዋቹን ፊት በካሜራ እየተከተለ ሥዕሉ እንዳይደበዝዝ አድርጓል። ይህ መልካም የእጅ ሥራ ነው፤ እኛም ጌጥ ነው ስንል ጌጥነቱን መናቃችን አይደለም።

የመጨረሻውን ፍርድ ግን ኒንቴንዶ ራሱ ሰጠ። በ2013 ዓ.ም. ጥልቀቱን አውጥቶ በ129 ዶላር ከ99 ሳንቲም ቱ ዲ ኤስ የተባለውን መሣሪያ ሸጠ፤ የስሪ ዲ ኤስ ጌሞችም በርሱ ላይ ይጫወቱ ነበር። በ2016 ዓ.ም. የወጡት ሁለቱ የፖኬሞን ጌሞች፥ ሰንና ሙን፥ ጥልቀቱን ከሞላ ጐደል ተዉት። የስሪ ዲ ኤስ ወገን የሆኑት መሣሪያዎች በጠቅላላው 76 ሚሊዮን ያህል ተሽጠው በ2020 ዓ.ም. ሥራቸው ቆመ። ከዚያ አስቀድሞ በ2017 ዓ.ም. ስዊች የተባለው ተከታይ ወጥቶ ነበር፤ ስክሪኑ በጣት ይነካል፥ ማንሸራተቻዋ ግን በጎኑ ላይ የለችም።