የኢትዮጵያ ፊደል በድረ ገጽ አድራሻ ውስጥ፤ አጭር ታሪካዊ ጥናት

መግቢያ

በብራና ላይ ለዘመናት ሲጻፍ የኖረው ፊደላችን፣ አዲስ የጽሕፈትና የመገናኛ መሣሪያ በመጣ ቁጥር መልኩን ሳይለቅ ለማለፍ ተቸግሯል። መሣሪያዎቹ የተሠሩት በአመዛኙ ጥቂት ሆሄያት ላሉት ለላቲን ጽሕፈት ነበርና። ኢንጂነር አያና ብሩ በአማርኛ የጽሕፈት መኪና ላይ በደከሙበት ዘመን ዋናው ጥያቄ፣ ከ200 የሚበልጡ ሆሄያት በጥቂት ቁልፎች እንዴት ይስተናገዱ የሚል ነበር። መፍትሔውም የሆሄውን መነሻ ቅርጽና ተቀጽላውን እየለያዩ መምታት ሆነ።

ይህ ጽሑፍ በድረ ገጽ አድራሻ ረገድ የታየውን ተመሳሳይ ችግር ይመረምራል። በኮምቦልቻና በደሴ ለሚገኙ መምህራን የማስተማሪያ ጽሑፍ ስናዘጋጅ በተደጋጋሚ የሚቀርብልን ጥያቄ አለ፤ «ለገጾቻችን በአማርኛ ስም ስንሰጥ አድራሻው ይበላሻልና በላቲን ብንጽፈው አይሻልምን?» የሚል ነው። መልሱ ከታሪኩ የሚገኝ ይመስለናል።

የአድራሻው ሕግና የመጀመሪያዎቹ መፍትሔዎች

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1994 የወጣው የድረ ገጽ አድራሻ ደንብ በአድራሻ ውስጥ እንዲገቡ የፈቀደው የላቲን ፊደላትን፣ አኃዞችንና ጥቂት ምልክቶችን ብቻ ነበር። ሌላው ሁሉ በቁጥር ተለውጦ፣ በፊቱም የፐርሰንት ምልክት ተደርጎለት እንዲያልፍ ታዘዘ። ለምሳሌ በሁለት ቃላት መካከል ያለው ባዶ ቦታ %20 ተብሎ ይጻፋል። የዝባዝ መስመር፣ የጥያቄ ምልክትና የመሳሰሉት አድራሻውን ለመከፋፈል የተመደቡ ስለሆኑ፣ የስሙ አካል ሆነው ሲገኙ እነርሱም በቁጥር መሸፈን አለባቸው። አለዚያ መሣሪያው የስሙን ክፍል የመንገዱ መለያ አድርጎ ይወስደዋል።

ሆኖም ደንቡ ቁጥሩ ከየትኛው የሆሄያት ሠንጠረዥ እንደሚወሰድ አልወሰነም። በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያ ፊደል የጋራ ሠንጠረዥ አልነበረውም፤ በአንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ በ1990ዎቹ ያቀረቡት «ሴራ» የተባለው ሥርዓት እያንዳንዱን ሆሄ በላቲን ፊደላት የሚወክል ነበር። በዚህ ሥርዓት «ተራ» በትንሹ፣ «ጠራ» ደግሞ በትልቁ የላቲን ፊደል ይጀምራሉ። ነገር ግን የኢንተርኔት ጎራ ስሞች ትልቁንና ትንሹን ፊደል ስለማይለዩ፣ ሁለቱ ቃላት እዚያ ሲደርሱ አንድ ይሆናሉ። ለኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ ብዙ የጠቀመው ዘዴ ለጎራ ስም ሊበቃ ያልቻለው ከዚህ የተነሣ ነው።

የጋራ ሠንጠረዥ መገኘት

እ.ኤ.አ. በ1999 የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ በመካተቱ እያንዳንዱ ሆሄ በዓለም የታወቀ አንድ ቁጥር አገኘ። በ2005 ደግሞ የተሻሻለው የአድራሻ ደንብ፣ ጽሑፍ መጀመሪያ ዩቲኤፍ-8 በተባለው ስልት ወደ ባይት እንዲለወጥ፣ ከዚያም ባይቱ በፐርሰንት ምልክት እንዲጻፍ መከረ። የጎራ ስሞች በበኩላቸው በ2003 የተለየ ስልት ወጥቶላቸዋል።

አሠራሩን በከተማችን ስም እንመልከት። «ኮ» የተባለው ሆሄ 225፣ 138 እና 174 ወደሚባሉ ሦስት ባይቶች ይለወጣል። እያንዳንዱ ባይት በ16 መሠረት በሁለት ምልክት ተጽፎ፣ ፐርሰንት ሲታከልበት ሆሄው 9 ምልክት ይሆናል። ስለዚህ «ኮምቦልቻ» የተባለው ባለ 5 ሆሄ ቃል በአድራሻ ላይ 45 ምልክት ይፈጃል። ከአማርኛ ውክፔዲያ የተቀዳ አድራሻ ረጅምና የማይነበብ ሆኖ የሚታየው ስለዚህ ነው። መልኩ ቢያስፈራም የተበላሸ አይደለም፤ ሲመለስ አንዲት ሆሄ አይጎድልበትም።

የሚያበላሹት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ አድራሻው በቅጂ ጊዜ ከመካከል ሲቆረጥ ከሦስቱ ባይት አንዱ ይጎድልና ሆሄው ይጠፋል። ሁለተኛ፣ የተለወጠው እንደገና ሲለወጥ የፐርሰንት ምልክቱ ራሱ %25 ይሆንና አድራሻው ገጹን አያገኝም።

የሆሄ አጠባበቅ ጉዳይ

ኮዱ የተጻፈውን ይጠብቃል እንጂ አያርምም። «ፀሐይ»፣ «ፀሀይ» እና «ጸሐይ» ለጆሮ አንድ ሲሆኑ ለመሣሪያው ሦስት የተለያዩ አድራሻዎች ናቸው። ለኢንተርኔት ሥር ስሞች እ.ኤ.አ. በ2017 የተሻሻለው ደንብ የኢትዮጵያን ፊደል ሲጨምር፣ ሞክሼ ሆሄያትን እንደ ተለዋዋጭ የቆጠራቸው ይህን ችግር በመገንዘብ ነው። በተራ ገጽ አድራሻ ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ጥበቃ ስለሌለ ኃላፊነቱ የጸሐፊው ይሆናል።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ከታሪኩ እንደምንረዳው ፊደላችንን ለአድራሻ ብለን የምንተውበት ምክንያት የለም። ለትምህርት አዘጋጆች የምናሳስበው፣ በአንድ ተቋም ውስጥ ለገጽ ስም አንድ ዓይነት የሆሄ አጻጻፍ እንዲወሰን፣ መለወጡም በመሣሪያው አንድ ጊዜ ብቻ እንዲፈጸም፣ አድራሻውም በእጅ ከሚገለበጥ ይልቅ በሙሉ እየተቀዳ እንዲላክ ነው። የሞክሼ ሆሄያት ትምህርት ለድርሰት ክፍለ ጊዜ ብቻ የሚተው አይደለም። ስሙን በትክክል ያልጻፈ ተማሪ ነገ ራሱ ያዘጋጀውን ገጽ ፈልጎ ሊያጣው ይችላልና።